ከድምፅ ማጉያው ሥር

ለሌላው ሰው ጤና አዳም የቡና ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የሲኒማ ቤት ሽታ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፣ አልፈርድባቸውም። ባለፈው ሰሞን ከልደታ ማርያም ወረድ ብላ አትክልት የምትሸጥ ሴት ሽንኩርት መዝና ስትሰጠኝ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም ምርቃት ጨመረችልኝ። ቅጠሏን በጣቶቼ አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋት ሁለቱም ጆሮዎቼ ድፍን አሉ። የታክሲው ረዳት አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አያለሁ እንጂ የሚጠራውን ሰፈር አልሰማም ነበር። ወዲያው ለቀቀኝ። ቢሆንም ሽንኩርቴን እንደያዝኩ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ በጋ ሙሉ እሁድ እሁድ የተቀመጥኩበት የእንጨት አግዳሚ ትዝ አለኝ፤ ያኔ የበላኝ ቁንጫ ሳይቀር።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያውም ሰው ጎረቤቱን የሚፈራበት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ቤታችን ልደታ ነበር፣ ዛሬ ፎቅ በቆመበት ቦታ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። እማዬ፣ አባባና እኔ እንኖርበታለን። አባባ የምላቸው አያቴን ነው፣ የአባቴን አባት። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ ግርማ ይባላል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ማለዳ ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱትና እማዬ "ለሥራ አሰብ ሄዷል" አለችኝ። ሰዎቹ ጠመንጃ ይዘው እንደነበር አይቻለሁ። አሰብ በረሃ ነው፣ መንገዱ ላይ ሽፍታ አይጠፋም ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ መሥሪያ ቤቱ ለአባቴ ይህን ያህል ተጨንቆ አጃቢ መላኩ አኮራኝ። ቅር ያለኝ ሳይስመኝ መሄዱ ብቻ ነው። አባባ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሲመለሱ እሳቸውም አሰብ ሄዷል ተባሉ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን በሹክሹክታ የሚኖር ቤት ሆነ። ከአንደኛው ግድግዳ ማዶ አንድ የቀበሌ ሹም ይኖሩ ነበር። ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃ ነው፤ ሰውየው ሲያስሉ እንሰማለን፣ ስለዚህ እኛም ስናስል ይሰማሉ ማለት ነው። እማዬ ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ሳታደርግ የተናገረችበትን ቀን አላስታውስም። እኔም ለመድኩት። ትምህርት ቤት ሳነብ አስተማሪዋ "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ማን ተቆጣሽ?" ትለኛለች፤ እኔ ከፍ ያደረግኩ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛ አልነበረኝም። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ እኛ ግቢ መላክ ትተው ነበር። ቅማል ያለብኝ መስሏቸው ነው ብዬ፣ ደጃፉ ላይ ሁሉም እንዲያየኝ ተቀምጬ ፀጉሬን ሳበጥር እውል ነበር። ማንም አልመጣም።

በሹክሹክታው ከእኔ ይልቅ የተጎዱት ግን አባባ ናቸው። በወጣትነታቸው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ በደማሚት ሲያፈነዱ ኖረው ቀኝ ጆሯቸው ፈጽሞ ሞቷል፤ በግራው የሚሰሙት ሰው ተጠግቶ ሲጮኽላቸው ብቻ ነው። ፊደልም አልቆጠሩም፣ ጽፈን እንዳናሳያቸው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር ምን ነበር? "እራት ቀርቧል" ይባላል፣ "ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ብርድ ነው" ይባላል፣ መፈክር ይባላል። ሌላው ሁሉ በጆሮ የሚነገር ነው፣ የእሳቸው ጆሮ ደግሞ እሱን አያስገባም። ዘመድ መጥቶ ከእማዬ ጋር ሲንሾካሾክ አባባ የአንዱን አፍ፣ ከዚያ የሌላውን አፍ ያያሉ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረው "ምን አለች?" ይሉኛል። እኔም አልሰማሁም፤ እጄን እዘረጋላቸዋለሁ። ያኔ ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ። ያቺን ቡኒ ባርኔጣ የሚያወልቋት ለቤተ ክርስቲያንና ለመኝታ ብቻ ነበር።

እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ። አባባ አይቀሩም፤ መቅረት ያስጠይቃል። ሌላው ሲያጨበጭብ አይተው ያጨበጭባሉ፣ ሌላው ግራ እጁን ሲያነሳ አይተው ያነሳሉ። ግን ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚዘገዩ፣ ሁሉም እጁን አውርዶ የእሳቸው ብቻ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ሹሙ ለአብዮቱ ስላላቸው ፍቅር በሰው ፊት አመስግነዋቸዋል። አባባ ምን እንደተባሉ ሳያውቁ እጃቸውን እንደገና አነሱ።

ከስብሰባው በኋላ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት እንወርዳለን። እዚያ አጠገብ ዛሬ የሌለ ሲኒማ ቤት ነበር። አባባ እዚያ የሚሄዱት ስለሚሰሙ ነው። ከነጩ ሸራ በስተግራ ቁም ሳጥን የሚያክል ድምፅ ማጉያ ተገትሯል፤ እሳቸው ከእሱ ሥር ካልሆነ አይቀመጡም። በዚህች ዓለም ላይ የሰው ድምፅ ደህና አድርጎ የሚገባቸው እዚያ ብቻ ነበር። እኔን የሚወስዱኝ ለመንገዱ ነው። የመኪና ጡሩምባ ስለማይሰሙ እጃቸውን ጨበጥ ሳደርግ ይቆማሉ፣ ላላ ሳደርግ ይሄዳሉ። መንገዱን እወደው ነበር፤ ያን ትልቅ ሻካራ እጅ እንደፈለግኩ አቆመዋለሁ፣ አስኬደዋለሁ። ሲኒማውን ግን ጠላሁት፣ ዛሬም አልታረቅንም።

ሲኒማ ደስ ይላል የሚሉ ሰዎች ከኋላ የተቀመጡ ናቸው። ፊት ያለው መቀመጫ መደገፊያ የሌለው የእንጨት አግዳሚ ነው። እንደ ኋላው ስፖንጅ የለውም፣ ስለዚህ ትኋኑ ከኋላ ቀርቶ እኛን የሚበላን ቁንጫ ብቻ ነው፤ ይህንን አባባ እንደ ትልቅ ዕድል ይቆጥሩት ነበር። ከዚያ ቦታ ሆኖ ወደ ላይ ላንጋጠጠ ሰው የፊልሙ ጀግና አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ነው። የሲጋራው ጭስ ዓይን ያስለቅሳል። የሽንት ቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ሽታው ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል። ሕፃን ይዘው የሚገቡ አሉ፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ሰው ሕፃኑን ይሳደባል። ከእግራችን በታች የለውዝ ልጣጭ ይንኮሻኮሻል። ከኋላችን ያለው ሰው ደግሞ "አባባ፣ ባርኔጣዎን!" እያለ ፊልሙ እስኪያልቅ ይነዘንዛል። አባባ አይሰሙትም። ሰውየው ሳምንት ሳምንት እዚያው ቦታ ይቀመጣል፣ ሳምንት ሳምንት ስለ ባርኔጣው ይጮኻል፤ ለምን ቦታ እንደማይቀይር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አስተርጓሚም ነበረን። ከመሃል የሚቀመጥ አንድ ወጣት ነው፤ የህንድም ሆነ የሩሲያ ፊልም ቢመጣ በከፍተኛ ድምፅ ይተረጉመዋል። አንዱንም ቋንቋ አያውቅም። "እናትሽን እኔ ነኝ የማገባት ነው የሚላት!" ይላል፣ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ሰው ሁሉ አራዳ ነው ይለው ነበር። እሱ የቀረ ቀን ፊልሙ የማይገባቸው ሰዎች እንደነበሩ አውቃለሁ።

ሁሉንም እችለው ነበር፣ ድምፁን ግን አልቻልኩም። በጆሮ ብቻ አይገባም። በአግዳሚው በኩል ከታች ይገባል፣ ጥርስ ያንቀጠቅጣል፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ የበላሁትን ምሳ ያናውጠዋል። አባባ የጦርነት ፊልም ነበር የሚወዱት። መድፉ ሲተኮስ እሳቸው የጥንት ጓደኛ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ይላሉ፣ እኔ ጆሮዬን ይዤ ከጉልበቴ ላይ እደፋለሁ። ሰኞ ከሰዓት አስተማሪዋ ስም ስትጠራ በእሷና በእኔ መሃል አንዲት ትንኝ ትጮኻለች።

እማዬ መላ አገኘች። ጆሮ ለሚያመው ጤና አዳም ነው መድኃኒቱ፤ እሷ ጓሯችን ውስጥ በጣሳ ተክላው ነበር። እሁድ ከመውጣታችን በፊት ቅጠሉን ቀጥቅጣ በጥጥ ትጠቀልልና ሁለቱንም ጆሮዬን ትወትፍልኛለች። ጭማቂው አንገቴ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የምሰማው ዓይነት ይሆናል። ሕመሙ ተወኝ፣ ግን ሌላ ነገር መጣ። አባባ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። አፋቸውን አያለሁ፣ የሸራውን አፍ አያለሁ። ቤት ውስጥ እሳቸው የሚሆኑትን እዚያ እኔ እሆናለሁ። ያን ያህል ሰው መሃል ተቀምጬ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በዚያ ዓመት እማዬ በየማለዳው ምሳ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልላ ትወጣለች። "ለልደታ ነዳያን ነው፣ ስለት አለብኝ" አለችኝ። ስለቱ አባቴ በሰላም እንዲመለስ መሆኑን ራሴ ገምቼ ደስ አለኝ። የከፋኝ ነዳያኑ ከእኛ የተሻለ መብላታቸው ነው። እኛ ሽሮ ስንበላ እነሱ ሥጋ ወጥ ይሄድላቸዋል። እኔንም ብታቀምሰኝ ምን ነበረበት እያልኩ ከምሳ ዕቃው የሚወጣውን ሽታ እስከ በር እሸኘው ነበር።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አንድ ቀን እማዬ ሳትቆይ ተመለሰች። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ቤት ነበርኩ። ምሳ ዕቃው እንደ ሞላ ነው። በሌላ እጇ የአባቴን አረንጓዴ ሹራብ ይዛለች። ሮጬ ሹራቡን ጨበጥኩት። አባዬ ልኮት ነው ወይ ብላት፣ "አዎ፣ ላከው" አለች። አሰብ ሙቀት ነው ይባላል፤ ሹራብ እዚያ ምን ያደርግለታል? እንዳይበላሽበት ብሎ ነው፣ አባቴ ዕቃ አያባክንም። ስለ ምግቡ ስጠይቃት ምሳ ዕቃውን ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው። "ብዪው" አለችኝ። በላሁት። ጣቴን ሳይቀር ላስኩ። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ታየኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የጣፈጠኝ ምሳ የለም፣ አሁን ሳስታውሰው የሚያመኝም መጣፈጡ ነው።

አባቴ አሰብ አልሄደም ነበር። እዚያው አዲስ አበባ ታስሮ ነበር፤ ምግቡም የሚሄደው ለእሱ ነበር። ሹራቡን የሰጧት ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጣ ነግረው ነው። በዚያ ጊዜ እንደ እሱ ለተገደለ ሰው ድንኳን አይጣልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ድምፅ አውጥቶ አይለቀስም። እማዬ ይህን ሁሉ ዋጥ አደረገችው። አንዱን ግን ልትውጠው አልቻለችም። ለአባት የልጁን መርዶ አለማርዳት በአገራችን ትልቅ ነውር ነው። አባት ሳይረዳ ልጁን እንደ ቆመ ሰው እየጠበቀ ሊኖር አይገባም። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በቀስታ ነው የሚነገረው። ለአባባ በቀስታ የሚነገር ነገር የለም።

ይህን ያኔ አላውቅም። ያየሁት እማዬ ወደ አባባ ግራ ጆሮ እየተጠጋች አፏን ስትከፍት፣ ከዚያ ዞር ብላ ግድግዳውን ስታይ ነው። "እራት ቀርቧል!" ብላ ትጮኻለች። እራት አልቀረበም፣ ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። አባባ ተነስተው እጃቸውን ታጥበው ባዶው ገበታ አጠገብ ይቀመጣሉ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም። እማዬ ሰዓት የጠፋባት መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን እያጠበችኝ ሳለ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"እዚያ ሲኒማ ቤት፣ ድምፁ እውነት እንደምትዪው ነው?"

"ከምለውም ይብሳል።"

"አጠገብሽ ሰው ቢያወራስ፣ ይሰማል?"

"ቢጮኽም አይሰማም። መድፍ ሲተኮስ ማንም ማንንም አይሰማም።"

ውኃውን አፈሰሰችብኝ።

"እንግዲያው ነገ እኔም እመጣለሁ" አለች።

እማዬ ሲኒማ ቤትን የሰይጣን ደጅ ነው የምትለው። ስሞታዬን ሰምታ ልትፈርድልኝ የምትመጣ መሰለኝ። በማግስቱ ጥጡን ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ ወተፈችልኝ። አመመኝ ብላት "ቻዪው" አለችኝ። ወደ ተክለ ሃይማኖት ስንወርድ እኔ በመሃል ነበርኩ፣ በአንድ እጄ አባባን፣ በአንድ እጄ እማዬን ይዤ። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ደጅ ወጥተው ቢያዩን ብዬ ተመኘሁ። የሚያየን አልነበረም፣ ቢሆንም በዚያ በጋ ደስ ያለኝ ቀን የቱ ነው ብባል ያ መንገድ ነው።

እማዬ በአባባ ግራ ተቀመጠች፣ እኔ በቀኛቸው፣ በሞተው ጆሮ በኩል። ፊልሙ በረዶ ላይ የሚዋጉ ወታደሮች ያሉበት ነበር። መድፉ ሲጀምር እማዬ ነጠላዋን በራሷና በአባባ ራስ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ጆሯቸው ተጠጋች። በፍንዳታው ብርሃን አፏ ሲንቀሳቀስ፣ የአንገቷ ሥር ሲገተር አየሁ። አቋርጣ ተነፈሰች፣ ደገመችው። አባባ ዞረው አፏን ማየት ጀመሩ። አንድ አጭር ነገር እንደገና ነገረቻቸው። ከእሷ በስተግራ ሰው ነበር፣ ከኋላም ባርኔጣ የማይወደው ሰውዬ ነበር። አንዱም ዞር ብሎ አላየም።

እኔ ተናደድኩ። ዛሬ ገና የመጣች ሴት ለአባባ ፊልም ልታስረዳ! አባባ ፊታቸውን ወደ ሸራው መለሱ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን አደረጉ። ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ለካ እማዬ ያን ሁሉ የጮኸችው ባርኔጣዎን ያውልቁ፣ ሰው ተቸግሯል ለማለት ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ሰውየውን አየሁት፤ ደስ ብሎት ለውዙን ይበላል።

ስንመለስ አባባ ባርኔጣውን በእጃቸው ይዘው በፀሐዩ ሄዱ። ጎዳናው ጋ ስንደርስ እጃቸውን ጨበጥ አደረግኩ፣ አልቆሙም። እማዬ ናት ካፖርታቸውን ስባ ከመኪና ያዳነቻቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን "እራት ቀርቧል" እንኳ ቀረ። እማዬ ሳህኑን ታስቀምጣለች፣ አባባ ያዩታል። በባርኔጣው የተነሳ የተጣሉ መሰለኝ። ጣሳው ውስጥ ያለውን ጤና አዳም ውኃ የሚያጠጣው ጠፍቶ ደረቀ። እማዬ ጆሮዬን ረሳችው። ፀጉሬንም ረሳችው። አባቴ ከአሰብ ቢመጣና ቢያስታርቃቸው እያልኩ በሹራቡ ተጠቅልዬ እተኛ ነበር። ሹራቡ እሱን እሱን አይሸትም ነበር፣ ያልታወቀ ሌላ ቦታ ይሸታል። አሰብ እንዲህ ነው የሚሸተው አልኩ።

እሁድ ሲመጣ አባባ እጄን ያዙ። ግን የጦርነቱን ፊልም አልፈለጉትም፤ የህንድ ፊልም እስኪመጣ ጠበቁ። ድሮ የህንድ ፊልም ሲያዩ "ይሄ ሠርግ ነው እንጂ ምኑ ፊልም ነው" ብለው የሚያጉረመርሙ ሰው ናቸው። እዚያ ፊልም ላይ ማልቀስ ነውር የለውም። ወንዱም ሴቱም ያለቅሳል፣ እናትና ልጅ ሲለያዩ አዳራሹ ሙሉ በአንድ ላይ ይነፋረቃል፣ ሲወጡ ሁሉም ተሳስቆ ፊቱን ይጠርጋል። አባባም ከሁሉ ጋር አለቀሱ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ አፋቸው ባርኔጣው ውስጥ ተደፍቶ። እኔ በጥጡ ፈንታ ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ስለነበር ድምፃቸውን አልሰማም። ያየሁት ግን አለ። ሰዉ በዘፈኑ እያጨበጨበ ሲስቅም እሳቸው ያለቅሳሉ። አፈርኩባቸው፣ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

እንዲህ ሆኖ ዐቢይ ፆም ሊገባ ሲል አንድ እሁድ መጣ። ሸራው ላይ አንዲት እናት በጎርፍ የተወሰደ ልጇን እየተጣራች በወንዝ ዳር ትሮጣለች። ድምፅ ማጉያው በቫዮሊን ያለቅሳል። ድንገት ድምፁ ጠፋ። ምስሉ አልቆመም፤ ሴትዮዋ ትሮጣለች፣ አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲጠፋ ሰው ያፏጫል፣ አግዳሚ ይደበድባል። እኔም እፎይ ብዬ ጣቶቼን ከጆሮዬ አወጣሁ።

ከፉጨቱ በፊት ግን አንድ ድምፅ ብቻውን ተሰማ። አባባ ነበሩ። ፊታቸውን ባርኔጣው ውስጥ ደፍተው በለቅሷቸው ተውጠው ስለነበር ድምፁ መጥፋቱን አላወቁም።

"ግርማ" ይላሉ። "ግርማዬ፣ ልጄ፣ የት ጣሉህ? አፈር ሳላለብስህ፣ የት ጣሉህ?"

አዳራሹ ፀጥ አለ። እንደዚያ ያለ ፀጥታ እዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ዘመን "የት ጣሉህ" ማለት ምን እንደሆነ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ የሰማ ሁሉ ደግሞ ሊጠየቅ ይችላል። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ማንም አያውቅም። ከዚያ ከመሃል አስተርጓሚው ተነስቶ ቆመ።

"እናትየዋ ናት!" ብሎ ጮኸ። "ልጄ የት ጣሉህ ነው የምትለው! አፈር ሳላለብስህ ነው የምትለው!"

ይህን ሲል የወትሮው ቀልዱ አልነበረበትም፤ ድምፁ ተንቀጥቅጧል። የሳቀ ሰው የለም። ከኋላ አንዲት ሴት ሳግ አመለጣት። ከሌላ ጥግ አንድ ወንድ ተቀበላት። ከዚያ አንዱ "ድምፅ! ድምፅ!" አለ፣ ሌላው አፏጨ፣ ባርኔጣ የማይወደው ሰውዬ አግዳሚያችንን በሁለት እጁ መደብደብ ጀመረ፣ ወዲያው ቤቱ በሙሉ በጩኸት ተናጠ። አባባን ከዚያ በኋላ ማንም ሊሰማቸው አልቻለም።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። ህንድ አገር ግርማ የሚባል ልጅ እንደሌለ አውቅ ነበር። ምሳ ዕቃው፣ ሹራቡ፣ ጠበቅ ብሎ የተወተፈው ጥጥ፣ የወለቀው ባርኔጣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አባቴ አይመጣም። ይህን ያላወቅኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ድምፁ ተመለሰ፣ ከመቼውም ብሶ። ጣቶቼን ወደ ጆሮዬ አላነሳሁም። አፌን ከፍቼ "አባዬ" ብዬ ጮኽኩ። ለወራት ስንሾካሾክ ኖሬ ጉሮሮዬ እስኪቆስል ጮኽኩ፣ የራሴን ድምፅ ራሴ አልሰማሁትም። አባባ ቀና ሲሉ አዩኝ። ሲያዩ የኖሩት አፍ ነውና፣ ምን እንዳልኩ ከአፌ አነበቡት። ባርኔጣቸውን ፊቴ ላይ ደፉልኝና እጃቸውን ከላይ አስቀመጡ። ውስጡ እርጥብ ነበር። እዚያ ውስጥ ሆኜ ፊልሙ እስኪያልቅ አለቀስኩ።

ስንመለስ ቦኖ ውኃው ጋ ቆመን ፊታችንን ታጠብን። ቢሆንም ዓይኔ አልተደበቀም። እማዬ ደጃፉ ላይ ጤፍ ትለቅም ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝ። ከግድግዳው ማዶ የሹሙ ራዲዮ ይሰማል።

"ምን ሆነሽ ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ፊልሙ ያሳዝናል" አልኳት።

"ሰው ያለቅሳል?"

"ሁሉም ያለቅሳል። ማንም ማንንም አይሰማም።"

ሰፌዱን አስቀመጠች። ትክ ብላ አየችኝ፣ ማወቄን አወቀች። ከዚያ ተነስታ፣ ግድግዳውን ዞር ብላ ሳታይ፣ ወደ አባባ ግራ ጆሮ ተጠጋችና ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ጮኸችላቸው።

"የሚመጣው እሁድ እኔም ሲኒማ እመጣለሁ!"